ኮዱን በየላፕቶፓችን ወይስ ክላውድ ላይ? መብራት የሚሄድበት ሰፈር ሆኖ የሞከረ ካለ ይንገረኝ

ዳታ_ቆጣቢ · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን ለግል ክሊኒኮች የቀጠሮና የካርድ ሲስተም እየሠራን ነው። እኔ አያት ሰፈር ነኝ፣ አንዱ ጓደኛችን ጀሞ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዱ ደግሞ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እስካሁን ሁሉም በየላፕቶፑ ነበር። ችግሩ ላፕቶፕ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። የኔ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴል ነው፤ ዶከር (ሲስተሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ስከፍትበት ፋኑ ወፍጮ ቤት የገባሁ ያስመስላል። ባሕር ዳር ያለችው ኖድ (ኮዳችንን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ስሪት 16 ላይ ናት፣ የአሜሪካው 22 ላይ። ባለፈው ሳምንት «እኔ ጋ ይሠራል»፣ «እኔ ጋ አይሠራም» ስንባባል ሁለት ቀን ሄደ።

አሁን የአሜሪካው ልጅ «በቃ ሁላችንም ጊትሃብ ኮድስፔስስ (ክላውድ ላይ ኮድ መጻፊያና ማስኬጃ ማሽን የሚሰጠው) እንግባ፣ የሚያስፈልገው ብራውዘር ብቻ ነው» ይላል። ለሱ ምን አለበት፣ ኔቱ አይቆራረጥ! እኔ የምፈራው ዳታ፣ መብራትና ዶላር ነው። የሞከረ ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ማስታወቂያውንማ አንብቤዋለሁ።

ማዘርቦርድ · 2፡52

አትልፋ ወንድሜ። እኔ ሁለት ወር ሞክሬ ወጥቻለሁ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዋይፋዩ ግን የለውም። ኮድህ አውሮፓ፣ አንተ ጨለማ ውስጥ። ላፕቶፕህ ላይ ቢሆን ባትሪው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ትሠራ ነበር። የራስህ ቤት እያለህ ኪራይ ምን ያደርግልሃል?

ጣና_ዳር · 3፡25

ማዘርቦርድ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ቀሪውን ግማሽ እኔ ልናገር፣ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ስለ ዳታ የፈራኸው ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ኮድስፔስስ ማለት ሌላ አገር የተቀመጠ ሊኑክስ ማሽን ነው። አንተ ጋ የሚመጣው የኤዲተሩ ገጽና የከፈትከው ፋይል ነው። ፓኬጅ ስትጭን፣ ኢሜጅ ስታወርድ፣ ሪፖ (የኮዱን ማኅደር) ክሎን ስታደርግ፣ ማለትም ስትቀዳ፣ የሚወርደው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ ያንተን ጥቅል አይነካውም። እኔ በስልኬ ሆትስፖት ነው የምሠራው። አንድ ጠዋት ሙሉ ሠርቼ ቆጣሪውን ሳየው 100 ሜጋ አልሞላም። በፊት የኖድና የፖስትግሬስ (ዳታቤዙ ነው) ኢሜጆችን ከነፓኬጆቹ እንደ አዲስ ሳወርድ ጊጋ ሊሞላ ምንም አይቀረውም ነበር። ያውም መሀል ላይ ካልተቋረጠ።

ፍጥነቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ኤዲተሩ የሚሮጠው እዚሁ ብራውዘርህ ውስጥ ስለሆነ የጻፍከው ፊደል ወዲያው ይታያል። የሚጎተተው ተርሚናሉ፣ ትእዛዝ የምትጽፍበት መስኮት፣ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አውሮፓ ደርሶ ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ ያናድዳል። ከዚያ ረጅም ትእዛዝ ኤዲተር ላይ ጽፈህ መለጠፍ ትለምዳለህ። ስትከፍት ሪጅኑ (ማሽኑ ያለበት አካባቢ) የምዕራብ አውሮፓ መሆኑን አይተህ ግባ፤ አንዳንዴ ቪፒኤን ከፍተህ ከገባህ አሜሪካ ይወስድህና ቀኑን ሙሉ «ኔት ዛሬ ምን ሆነ» ስትል ትውላለህ። እኔን ደርሶብኛል።

አንድ ነገር ላስተካክል። «ሁላችንም አንድ ቦታ እንገባለን» ብላችሁ ከሆነ የምታስቡት፣ እንደዚያ አይደለም። ኮድስፔስ የአንድ ሰው ነው። አራት ሰው ከሆናችሁ አራት ማሽን ነው የሚነሳው። አንድ የሚያደርጋቸው ሪፖው ውስጥ የምታስቀምጡት የዴቭኮንቴይነር ፋይል ነው፤ የትኛው ኖድ፣ የትኛው ፖስትግሬስ፣ የትኞቹ ኤክስቴንሽኖች፣ ሲከፈት ምን ይሩጥ የሚለው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ የባሕር ዳሯ 16፣ የአሜሪካው 22 የሚባል ነገር የለም። አንድ ፋይል ላይ አራት ሰው አብሮ ሲጽፍ ማየት ከሆነ የምትፈልጉት ሬፕሊት ለዚያ ይሻላል፣ ወይም ቪኤስ ኮድ ላይ ላይቭ ሼር አለላችሁ።

ገንዘቡ፦ ለግል አካውንት በወር 120 ኮር ሰዓትና 15 ጊጋ ማስቀመጫ ነፃ ነው። «ኮር ሰዓት» የሚለውን ልብ በል፤ የማሽኑ ኮር (የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብዛት በሰዓቱ ተባዝቶ ነው። ባለ 2 ኮር ማሽን ከሆነ 60 ሰዓት ነው፤ ባለ 4 ከመረጥክ 30 ብቻ። ካርድ ካላስገባህ ኮታው ሲያልቅ ይዘጋብሃል እንጂ ዕዳ አይመጣብህም። ሳትነካው ከቆየህ በ30 ደቂቃ ራሱ ይጠፋል። ይሄንን ከሴቲንግ ዝቅ አድርገው፣ እስከ 5 ደቂቃ ይወርዳል። ምክንያቱም ታቡን ዘጋህ ማለት ማሽኑን አጠፋህ ማለት አይደለም። መብራት ሲሄድብህ እዚያ ማዶ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።

ማዘርቦርድ · 3፡31

እሺ የዳታውን አምኛለሁ። የመብራቱን ግን አልመለስክም።

ጣና_ዳር · 3፡44

የመብራቱማ ሁለት መልክ አለው። አንተ ያልከው አለ፣ ኔት ከሌለ ፋይሉን እንኳ መክፈት አትችልም። ሌላም አለ። ባለፈው ቴስት እየሮጠ፣ 40 ደቂቃ የሚፈጅ፣ በ10ኛው ደቂቃ ሰፈሩ ጨለመ። ሆትስፖት አውጥቼ ተመልሼ ስገባ ቴስቱ 28ኛው ደቂቃ ላይ ነበር፣ ከርሰሬም የተውኩት መስመር ላይ። ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ባትሪው ያረጀ ቢሆን እንደ አዲስ ነበር። (የኔ ባትሪ 15 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ስለ ሁለት ሰዓት የምታወሩ ሰዎች ስታስቀኑ!)

ሲልቨር_ስፕሪንግ · 4፡10

«የአሜሪካው ልጅ» እኔ ነኝ። በስሜ እየታማሁ ዝም አልልም።

አያት ያለው ወንድሜ ያልነገራችሁን ልንገራችሁ። በመካከላችን የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፣ እዚህ ብርድ ሲገባ 8 ይሆናል። እኔ ጠዋት ስነቃ እነሱ ምሳ በልተው ጨርሰዋል። ሪቪው የማደርገው ሥራ ከመግባቴ በፊት ባለችኝ 40 ደቂቃ ነው። በፊት የባሕር ዳሯን ብራንች (ለብቻው የያዘችውን የኮድ ቅጂ) ለማየት የራሴን ሥራ ስታሽ ማድረግ፣ ማለትም ወደ ጎን ማስቀመጥ፣ ፓኬጅ እንደ አዲስ መጫን፣ ዳታቤዙን ማይግሬት ማድረግ፤ ቡናዬ ሳይፈላ ሰዓቷ ታልቃለች። ኮድስፔስስ ላይ ከፑል ሪኩዌስቱ (ለውጤን ቀላቅሉልኝ ብላ ከላከችው ጥያቄ) ገጽ አንድ ቁልፍ ነው፣ ብራንቹ ከነዳታቤዙ ይነሳል፣ ፖርቱን (አፑ በኔት የሚታይበትን በር) ከፍቼ ራሱን አፑን አየዋለሁ። የኔን ሥራ አይነካም። «ኔቱ ጥሩ ስለሆነ ነው» የሚባለው ስም ማጥፋት ነው።

ዶላሩን በተመለከተ፦ ኮታው ካለቀ ባለ 2 ኮሩ በሰዓት 0.18 ዶላር ነው፣ ማስቀመጫው በጊጋ በወር 0.07። ካርዴን አስገባለሁ ብያለሁ፣ አያት ያለው ነው «አንተ ላይ አንጫንም» የሚለው።

በነገራችን ላይ «ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ» ስትሉ የትኛው 3 ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ለሦስተኛ ጊዜ ብቻዬን ሚቲንግ ገብቻለሁ።

ዳታ_ቆጣቢ · 4፡22

ሃሃ ይቅርታ ወንድሜ። ስለ ካርዱ በውስጥ እናወራለን።

ጣና_ዳር እግዜር ይስጥልኝ፣ የኮር ሰዓቱን ነገር ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። አንድ ጥያቄ፤ ዳታቤዙን እንዴት ነው የምታስገቡት? እኛ ከአንዱ ክሊኒክ የወሰድነው ባክአፕ አለን፣ እሱን ሁላችንም ጋ ሪስቶር አድርገን ነው የምንሠራው። እዚያም ላይ እንዲሁ ልጫነው?

እትዬ_ሎግ · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ቁም።

ያ ባክአፕ ውስጥ ያለው የእውነተኛ በሽተኛ ስም ነው? ስልክ ቁጥር፣ ምርመራ? አራት ላፕቶፕ ላይ መቀመጡ ራሱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳችሁ ይገባ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ አህጉር ልትልኩት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ነው የሚመድበው፣ ከአገር ማስወጣትም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። «ለቴስት ነው» የሚል ሰበብ እኔ አላየሁበትም።

ይሄን የምለው ከሩቅ አይደለም። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቤት አንድ ልጅ ለደንበኛ ዴሞ ለማሳየት ብሎ ፖርቱን ፐብሊክ አደረገው። ሊንኩን ለደንበኛው ላከ፣ ደንበኛው ወደደው፣ ሁሉም ሄደ። ፖርቱን መልሶ የዘጋ የለም። ማሽኑ ደግሞ ራሱን እንዳያጠፋ አድርገውት ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የማላውቀው አድራሻ የደንበኞችን ዝርዝር ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ሎጉ (ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘገብበት) ላይ ያየሁት። 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ፣ በሰከንድ አንድ። የሰው እጅ እንዲህ በልክ አይጫንም። ዘጋሁት፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ሎጉን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ፣ እስከ ስንተኛው ገጽ እንደደረሰ። 212ኛው ላይ ነበር። ስሜ ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ፦ የሐሰት ዳታ የሚፈጥር ስክሪፕት ጻፉ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ስሞቹን የእኛን አድርጉት፣ አበበ ብቻ ሳይሆን ገብረመድኅን ዓይነት ረጅም ስምም ይግባ፣ የአባት ስም የሌለውም ይግባ፣ ሲስተማችሁ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ፖርቶቻችሁን ሁሉ ፕራይቬት አድርጉ፤ ሲጀመር እንደዚያው ናቸው፣ አትንኳቸው ነው የምላችሁ። የዳታቤዝ ፓስወርድና የኤስኤምኤስ ቁልፍ ደግሞ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ፑሽ እንዳታደርጉ (ወደ ጊትሃብ እንዳትልኩ)፣ ጊትሃብ ሴክሬትስ የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ ካስገባችሁት ማሽኑ ሲነሳ ራሱ ያገኘዋል።

ዳታ_ቆጣቢ · 1፡48

እሺ እትዬ። እውነቱን ለመናገር አፍሬያለሁ። ዛሬውኑ ከየላፕቶፑ እናጠፋዋለን።

ፊደል_ገበታ · 6፡05

አብሮ ስለመጻፍ ከተነሳ የኛን ጉድ ልንገራችሁ። ላይቭ ሼር ላይ ሦስት ሆነን ነበር። አንዱ የስክሪን ጽሑፎቹን በአማርኛ እየሞላ፣ እኔ የዶከር ኮምፖዝ ፋይሉን (አፑና ዳታቤዙ አብረው እንዲነሱ የሚያዘውን) እያስተካከልኩ። ድንገት ምንም አይነሳም። ስህተቱ መስመር 14 ይላል፣ መስመር 14ን አምስት ጊዜ አነበብነው፣ ምንም የለውም። አጥፍቼ ብጽፈው ይፈታ ነበር፣ ግን «ልክ ነው እኮ» ብለን ማንም አልነካውም። ሦስት ሰዓት!

በመጨረሻ ጓደኛዬ ዓይኑ ደክሞ ስክሪኑን 300 ፐርሰንት አጎላው። ኮለኑ ከሌሎቹ ወፈር ብሎ ታየ። ያ አማርኛ የሚጽፈው ልጅ እግረ መንገዱን ያንን መስመር «ላስተካክልልሽ» ብሎ ነክቶት ነበር፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ። የእንግሊዝኛውን ኮለን ሳይሆን የኛኑ ሁለት ነጥብ «፡» ነው ያስገባው። ፋይሉ የተጻፈበት ያሙል ደግሞ ሁለት ነጥብ አያውቅም።

አሁን ሕጋችን፦ ሰው በያዘው ፋይል ላይ ማንም እጁን አያስገባም፣ የአማርኛ ጽሑፍም የብቻው ፋይል አለው።

የጀሞ_ልጅ · 6፡20

ላይቭ ሼርን በተመለከተ አንድ ነገር ጨምሩ። ማሽኑ የጋባዡ ነው። ጋባዡ ጋ መብራት ከሄደ ሁሉም ይበተናል፣ እንግዶቹ ጋ ኔት ቢኖርም። ከአያት ጋር ስንሠራ ሁሌ ጋባዡ እሱ ነበር፣ የሱ ሰፈር ደግሞ… ዝም ብል ይሻላል።

ሞሽ · 8፡30

እኔ እነዚህን ሁሉ ትቼ አውሮፓ አንድ ትንሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ይዤ በሞሽና በቲመክስ ነው የምሠራው፤ አንዱ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኛል፣ ሌላው የጀመርኩትን ክፍት ያቆያል። ኔት ቢሄድ፣ ላፕቶፑ ቢተኛ፣ ከዋይፋይ ወደ ስልክ ብቀይር ሞሽ ራሱ ይቀጥላል፤ የተለመደው ማገናኛ፣ ኤስኤስኤች፣ ግን ሞቶ ነው የሚጠብቅህ። የተጻፈውን ፊደልም መልስ ሳይጠብቅ ገምቶ ያሳይሃል። ክፍያው ነው ችግሩ፣ በየወሩ አጎቴን መለመን።

ማዘርቦርድ · 9፡02

ይሄን ሁሉ ሰምቼ አሁንም አንድ የሚያሳስበኝ አለ። እነዚህ ነገሮች ዕድሜ የላቸውም። እንደ ኮድስፔስስ ያለውን ክላውድ9ን አማዞን በፈረንጆቹ 2016 ገዝቶ አሳደገው፣ በ2024 አዲስ ደንበኛ አልቀበልም አለ። ግሊች ስንቱ ድረ ገጽ መሥራት የተማረበት ነው፤ በ2025 የሰውን አፕ ማስተናገድ አቆመ። ጊትፖድ ደግሞ ስሙን ቀየረ። ምን ብሎ? «ኦና»። እውነቴን ነው፣ ኦና! አንድ አማርኛ የሚችል ሰው አጠገባቸው አልነበረም? ቤቱን ጥለው ሳይሄዱ ስሙን አስቀድመው አወጡለት።

ጣና_ዳር · 9፡40

ስለ ኦናው ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ግን ለዚህ ነው ፋይሉን አጥብቄ የያዝኩት። የዴቭኮንቴይነሩ አጻጻፍ የጊትሃብ ብቻ አይደለም፣ ክፍት ነው። ዶከር ያለው ላፕቶፕ ላይ ቪኤስ ኮድ ያንኑ ፋይል አንብቦ ያንኑ አካባቢ ያነሳልሃል። ነገ ኮድስፔስስ ቢዘጋ ማሽን ትቀይራለህ እንጂ የሁለት ቀን «እኔ ጋ ይሠራል» አይመለስም። ለቡድናችሁ የምመክረው፦ ጥሩ ላፕቶፕ ያለው እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይሥራ፤ አያት ያለው ከነወፍጮው ክላውድ ይግባ። ፋይሉ አንድ ይሁን። ላፕቶፕህ ላይ ደግሞ ባዶ ክሎን ይኑርህ፣ ዶከር የለ፣ ምን የለ፣ ኮዱ ብቻ። ኔት ሲጠፋ ሩጫ የማይፈልገውን እሱ ላይ ጻፍ።

ሁለት ማሳሰቢያ። ቀኑን ስትጨርስ ፑሽ አድርግ፤ ያልተነካ ኮድስፔስ በ30 ቀን ይሰረዛል፣ ፑሽ ያላደረግከውም አብሮት። ተማሪ ካላችሁ ደግሞ የጊትሃብን የተማሪ ፓክ ይጠይቅ፣ ወርሃዊው ኮታ ወደ 180 ኮር ሰዓት ይወጣል።

ባሕር_ዳሯ · ማታ 1፡10

ኖድ 16 ላይ ያለችው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ 22 ላይ ነኝ፣ ተዉኝ።

ዳታ_ቆጣቢ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 3፡05

ተመልሻለሁ፣ ቃል ስለነበረብኝ።

የዴቭኮንቴይነሩን ፋይል ለመጻፍ አንድ ቅዳሜ ፈጀ። አብዛኛው ሰዓት የሄደው ፖስትግሬሱ ሳይነሳ አፑ ቀድሞ እየሮጠ ሲወድቅ ነው። የሐሰት በሽተኞቹን የጻፈችው የባሕር ዳሯ ናት፤ እትዬ እንዳሉት ረጅም ስም ብናስገባ የቀጠሮ ካርዱ ሕትመት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ክሊኒኩ ሳያየው አየነው። የድሮው ባክአፕ ከአራቱም ላፕቶፕ ጠፍቷል፣ ከጀሞው የዳውንሎድ ፎልደር ሁለተኛ ኮፒ ጭምር።

እኔና ሲልቨር ስፕሪንግ ኮድስፔስስ ላይ ነን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ላፕቶፓቸው ላይ። የዳታው ነገር ጣና_ዳር እንዳለው ነው። የማይመቸው ገጹን ማየቱ ነው፤ ኮዱን ስነካ አፑ ከአውሮፓ እስኪመጣልኝ እቆጥራለሁ፣ አራት፣ አምስት… ሲኤስኤስ ለማስተካከል ከሆነ አይመከርም፣ ያንን ለጀሞው ትቼለታለሁ። አንድ ሐሙስ ደግሞ ኔት ቀኑን ሙሉ አልነበረም። ባዶ ክሎኑ ላይ የኤስኤምኤስ ማስታወሻውን ጻፍኩ፣ ማታ ፑሽ አደረግኩ፣ ክላውድ ላይ ስሮጥ አንድ ቦታ ብቻ ነው የተሳሳትኩት። ማዘርቦርድ ይስማ።

ኮታዬ ወሩ በገባ በ24ኛው ቀን አለቀ። መጀመሪያው ሳምንት ባለ 4 ኮር መርጬ ኖሮ! ተነግሮኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ካርዱን ሊያስገባ ነበር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በወፍጮው እችላለሁ ብያለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ብስጭት ነው። የከፈትኩትን ፋይል ልዘጋ ኮንትሮል ደብሊው ስጫን ብራውዘሩ ታቡን በሙሉ ይዘጋዋል። በቀን አሥር ጊዜ። እጄ አልለምድ አለ።

ጣና_ዳር · 3፡12

ክሮም ላይ እዚያው አድራሻ መጻፊያው ጥግ «እንደ አፕ ጫን» የሚል ምልክት አለ፣ እሱን ተጫን። በራሱ መስኮት ይከፈታል፣ ኮንትሮል ደብሊውም ፋይሉን ብቻ ነው የሚዘጋው።

ዳታ_ቆጣቢ · 3፡19

ሠራ። አምስት ፋይል ከፍቼ አምስቱንም ዘጋሁ፣ ዝም ብዬ።